ዓሣ አንበሪውን በ«አንድም» ማንበብ

የአሜሪካዊውን ደራሲ የኸርማን ሜልቪልን ልብ ወለድ ሞቢ ዲክን ብቻዬን ለማንበብ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የተሸነፍሁት ባሕር ላይ ሳይሆን ገና ወደብ ላይ ሳለሁ ነበር። ፒኳድ የተባለችው መርከብ መልሕቋን የምታነሣው በ22ኛው ምዕራፍ ነው፤ ነጩን አንበሪ የሚያሳድደው ካፒቴን አክዓብ ደግሞ እስከ 28ኛው ምዕራፍ ድረስ ብቅ አይልም። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ በእንግዳ ማረፊያው፣ ሌላ ጊዜ በጸሎት ቤቱ ውስጥ፣ ተራኪውን ከነጓዙ ትቼው እመለስ ነበር። ዘንድሮ ከጥምቀት ማግስት እስከ ፍልሰታ ድረስ እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ስድስት ሆነን ጀምረን አምስት ሆነን የጨረስነው ይህንኑ መጽሐፍ ነው፤ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ያነበብንበት መንገድ ከመጽሐፉ ባልተናነሰ ስላስገረመኝ ነው።

ቤቱ የጋሼ ነው። ጋሼ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቆጥረው፣ የትርጓሜ ቤት ደጃፍም ረግጠው፣ ኋላ ወደ አስኳላ ዞረው፣ በመሬት ቅየሳ ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የቀረነው አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር፣ ጎረቤቴ የሆነች ነርስ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወዳጃችን፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና መድኃኒት ቤት የምሠራው እኔ ነን። መጽሐፉ በ1851 እ.ኤ.አ. የታተመ በመሆኑ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ ስለዚህ ባለ ፎቶ ኮፒው ከኢንተርኔት አውርዶ፣ በወረቀቱ ግራና ቀኝ ገጽ አትሞ፣ በሦስት ጥራዝ ለየራሳችን አደለን። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን፤ በሳምንት አምስት ምዕራፍ፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቻችን በየቅጂያችን እንከተላለን። አጫጭሮቹ ምዕራፎች በአቦልና በቶና መካከል ያልቃሉ፤ ረጃጅሞቹ ግን ሲኒ አቀዝቅዘው ከበረካም ያልፋሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ያለቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ብቻ ባላት፣ ተራኪው ራሱን በሚያስተዋውቅባት ዓረፍተ ነገር ነው። መምህሩ «እስማኤል በለኝ» ብሎ ተረጎማት። ነርሷ ወዲያው «አንባቢው ወንድ መሆኑን ማን ነገረህ? ‹በይኝ› ብትልስ?» አለችው። ባለ ፎቶ ኮፒው ሰውዬው ለመላው ዓለም የሚናገር ስለሆነ «በሉኝ» ነው አለ፤ የባንክ ሠራተኛው ደግሞ የማያውቁትን ሰው በአክብሮት ማናገር ደንብ ነውና «ይበሉኝ» መባል አለበት ብሎ ተከራከረ። እንግሊዝኛው ከእነዚህ ከአራቱ የትኛውን እንደሚል አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም። አማርኛ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ከፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ማወቅ ግድ ይለዋል። ጋሼ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ እኛ ያላየነውን አሳዩን፤ «ልጆች፣ ሰውዬው ‹ስሜ እስማኤል ነው› መቼ አለ? በሉኝ ነው ያለው። የእናት የአባት ስሙን ደብቆናል፤ የሰጠን ከቤት የተባረረውን፣ በምድረ በዳ የተጣለውን የአጋርን ልጅ ስም ነው።» ሦስት ጊዜ ያለፍኋት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል እንደያዘች የገባኝ ያን ቀን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ለጾመ ነነዌ ዋዜማ 9ኛው ምዕራፍ ደረሰን። አስበንበት አልነበረም። ምዕራፉ አንድ የቀድሞ መርከበኛ የነበረ ሰባኪ፣ በመርከብ አፍንጫ አምሳል በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ስለ ዮናስ የሚያሰማው ስብከት ነው። እንግሊዝኛው በመርከበኛ ቋንቋ የተሞላ ስለሆነ ብቻዬን ሳነበው ድንጋይ የሆነብኝ ክፍል ይህ ነበር፤ አሁን ግን ነርሷ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ባለ ፎቶ ኮፒው ደግሞ ቁርኣን ስለ ነቢዩ ዩኑስ የሚናገረውን ይዘው መጡ። ዩኑስ በዚያ «የዓሣው ባለቤት» እየተባለ እንደሚጠራና በዓሣው ሆድ ጨለማ ውስጥ ያደረሰው ጸሎት ዛሬም በጭንቅ ጊዜ እንደሚደገም ሲነግረን፣ የሜልቪል ሰባኪ ጨለማውን ለማሳየት የቆለለው ቃል ሁሉ የምናውቀው ቤት ሆነ። መጽሐፉ ከባድ ነው የሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የሚቸገሩበት አንዱ ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ስምና ጥቅስ መብዛቱ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ጭነት አይደለም፤ አክዓብ ማን እንደነበር፣ ደሙን ውሾች እንደላሱት፣ ኤልያስ የሚባል ሰው በመንገድ ላይ ቆሞ ሲያስጠነቅቅ ምን እንደሚከተል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው ጋሼ የትርጓሜ ቤቱን ሥርዓት ያስገቡብን። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል፣ ትርጉሙን ይሰጣል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ፤ ኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። እስከዚያ ድረስ የእኛ ንባብ ማን ልክ ነው የሚል ክርክር ነበር፤ የባንክ ሠራተኛው ስልኩን አውጥቶ የምዕራፉን ማጠቃለያ ሲያነብልን ነገሩ ሁሉ ይቋጫል፣ ወሬውም ይሞታል። ከእንግዲህ ማጠቃለያ ማንበብ ቀረ፤ የሚናገር ሰው የፊተኛውን ሳያፈርስ «አንድም» ብሎ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ወር ያለዚያ ቃል ማሰብ አቅቶን ነበር።

32ኛው ምዕራፍ የመጣው በሁዳዴ ነው። ታሪኩ ድንገት ቆሞ ተራኪው የአንበሪ ዓይነቶችን መመደብ ይጀምራል፤ ምደባውም በመጻሕፍት ገጽ ስፋት ነው፣ ትልልቆቹን ፎሊዮ፣ መካከለኞቹን ኦክታቮ፣ ትንንሾቹን ዱዎዴሲሞ ይላቸዋል። ባለ ፎቶ ኮፒው ከሁላችን ቀድሞ ሣቀ፤ «ኤ3፣ ኤ4፣ ኤ5 ማለቱ እኮ ነው!» አለ፤ ከዚያ በኋላ በየምዕራፉ የሚመጣውን አንበሪ በወረቀት መጠን መጥራት ልማድ ሆነብን። ነገር ግን እውነተኛው ሙግት የተነሣው አንበሪ ዓሣ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። ስዊድናዊው የፍጥረታት ተመራማሪ ሊኒየስ ደሙ የሞቀ፣ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ጡት የሚያጠባ ስለሆነ ከዓሣ ለይቶታል፤ ተራኪው ይህን ከጠቀሰ በኋላ ሁለት የመርከብ ጓደኞቹ ማስረጃው አይበቃም እንዳሉት ነግሮን፣ ቅዱስ ዮናስን ምስክር ጠርቶ አንበሪ ዓሣ ነው ብሎ ይደመድማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዓሣ ከተማችን ውስጥ ጥንትም ያለ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ወደ እኛ ዞረ፤ ነርሷ ጡት የሚያጠባ ፍጥረት በየትኛውም ጾም ፍስክ ነው ስትል፣ መምህሩ ወንጌሉ ራሱ «ዓሣ አንበሪ» ብሎ ጠርቶታልና ስሙ ይበቃል አለ። ጋሼ አንድም አላሉበትም፤ «የሌለንን ሥጋ ጾም እናስገባው አናስገባው እያልን ጀበናው ገነፈለ» ብቻ አሉ።

የባንክ ሠራተኛው የተለየን በዚያ ሳምንት ነው። አልፈርድበትም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት የአንበሪ ራስ፣ የአንበሪ ጅራት፣ የአንበሪ ሥዕል፣ የአንበሪ አጽም ምዕራፎች አንዳንዶቹ በእውነት አሰልቺ ናቸው፤ ሁሉም ጥልቅ ምሥጢር አላቸው የሚሉ አድናቂዎች አሉ፣ እኔ ግን ቢያንስ አምስቱን ሜልቪል ያነበበውን ሁሉ ማፍሰስ ስላማረው ብቻ የጻፋቸው ይመስለኛል። ጓደኛችን «ነጩ አንበሪ ሲመጣ ደውሉልኝ፣ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ነጩ አንበሪ በዓይን የሚታየው ከ135ቱ ምዕራፎች በ133ኛው መሆኑን ስነግረው ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ።

ከመካከላችን ጋሼ ብቻ ናቸው ቀይ ባሕርን ያዩት። የቀረነው የምናውቀው ሰፊ ውኃ ሐይቃችን ነው፤ ስለዚህ የጀልባና የገመድ ነገር የበዛበት 60ኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የመምህሩ ዘመድ የሆነ አንድ ዓሣ አስጋሪ ከአሞራ ገደል ጠርተን አስቀመጥነው። ምዕራፉ የሚናገረው ከጦሩ ጋር ስለሚታሰረው ገመድ ነው፤ ከ200 ፋቶም በላይ ርዝመት ያለው፣ በጀልባዋ ውስጥ በቀዛፊዎቹ ሁሉ ዙሪያ የሚጠማዘዝ፣ አንበሪው ሲወጋ እንደ መብረቅ የሚተኮስ ገመድ። መምህሩ ወዲያው አሰላው፤ ከ360 ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ 22 ሜትር ገደማ በሆነው ሐይቃችን ውስጥ ቢጣል ደግሞ አሥራ ስድስት ጊዜ ይታጠፋል። ዓሣ አስጋሪው ቁጥሩ አልደነቀውም። በአማርኛ ያስረዳነውን ሰምቶ ያለው ይህን ነው፤ «መረብ ስንጥል ገመድ በተጠቀለለበት ክብ ውስጥ እግሩን የሚያቆም ሰው የለም። እነዚህ ግን በክቡ ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚቀዝፉት።» ሜልቪል ሰው ሁሉ በዚህ ዓይነት ገመድ ተከቦ እንደሚኖር የሚናገርበትን ረጅም አንቀጽ ከዚያ በኋላ ስናነብ ማብራሪያ የጠየቀ አልነበረም።

93ኛው ምዕራፍ ላይ ነርሷ ንባቡን አቋርጣ ቅጂዋን ለእኔ ሰጠችኝ። ፒፕ የሚባለው ጥቁር ልጅ ከጀልባ ላይ በፍርሃት ይዘላል፤ የጀልባዋ አለቃ ስተብ ሁለተኛ ብትዘል አንመለስልህም፣ አላባማ ውስጥ አንበሪ ከአንተ 30 እጥፍ ዋጋ ያወጣል ይለዋል። ልጁ እንደገና ዘለለ፤ ትተውት ሄዱ፤ ብቻውን በውቅያኖስ መካከል ቆይቶ በሌላ አጋጣሚ ሲገኝ ሥጋው ተርፎ አእምሮው ሰጥሞ ነበር። ያን ቀን ማንም «አንድም» አላለም። ባርነት በሕግ በተፈቀደበት ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደራሲው ያን የሰው ዋጋ በቀልደኛው በስተብ አፍ ማስነገሩ ግን አሁንም ያመኛል፣ ምናልባት እንዲያመን ብሎ ነው ያደረገው።

99ኛው ምዕራፍ የደረሰን በሰኔ ነው፤ የመጽሐፉን ልብ ያገኘሁትም እዚያ ነው። አክዓብ ነጩን አንበሪ መጀመሪያ ላየ ሰው ይሆናል ብሎ አንድ የኢኳዶር የወርቅ ሳንቲም በምሰሶው ላይ ቸንክሯል። በሳንቲሙ ላይ ሦስት ተራሮች አሉ፤ በአንዱ ጫፍ ነበልባል፣ በሁለተኛው ግንብ፣ በሦስተኛው የሚጮኽ አውራ ዶሮ፤ ከበላያቸው የከዋክብት ምልክቶች ቅስት ሠርተዋል። መርከበኞቹ ተራ በተራ ይቀርቡና ያነቡታል። አክዓብ ግንቡም እኔ ነኝ፣ እሳቱም እኔ ነኝ፣ ዶሮውም እኔ ነኝ ይላል። የመርከቧ ምክትል አለቃ ስታርባክ (ስሙን የወረሰው የአሜሪካ ቡና ነጋዴ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአገራችን ጋር በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋ ጨፌ ስሞች ላይ የተስማማው ነው፤ ሲዳማ ምድር ላይ ቡና እየጠጣን ይህን ሳናነሣ አናልፍም) በሦስቱ ተራሮች ሥላሴን ያያል። ስተብ በከዋክብቱ ውስጥ የሰውን ዕድሜ ከልደት እስከ ሞት ያነባል። ሌላው የመርከቧ መኮንን ፍላስክ ደግሞ 16 ዶላር ብቻ ነው የሚታየው፤ ሲጋራ በ2 ሳንቲም ሒሳብ 960 ይገዛልኛል ይላል።

እዚህ ላይ መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። 16 ዶላር 1,600 ሳንቲም ነው፤ ለ2 ሲካፈል 800 እንጂ 960 አይመጣም። የስሌት ስሕተት ነው። የማን? ደራሲው ተሳስቷል አለ መምህሩ። አንድም ፍላስክ ነው የተሳሳተው፣ ከምሥጢር ይልቅ ሒሳብ ይሻለኛል የሚለው ሰው ሒሳቡንም አያውቅም ለማለት ነው አለች ነርሷ። አንድም ሲጋራውን በጅምላ ስለሚገዛ ተቀንሶለታል አለ ነጋዴው ባለ ፎቶ ኮፒ። ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ይህ ሰውዬ ትርጓሜ ቤት ሳይውል አልቀረም» አሉ። ገጹን ሳይ እውነትም ነው፤ አንድ ንባብ አለ፣ በየተራው የሚመጣ አንድም አለ፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም፣ ደራሲውም ይህ ነው ትክክለኛው ብሎ አይፈርድም። መጨረሻ ላይ የመጣው ፒፕ ነው፤ አእምሮው የጠፋው ልጅ የሰዋስው መጽሐፍ እንደሚደግም ተማሪ «አያለሁ፣ ታያለህ፣ ያያል፤ እናያለን፣ ታያላችሁ፣ ያያሉ» ይላል። ነርሷ «‹ታያለሽ› የት ሄደች?» አለች። እንግሊዝኛው ‹ታያለህ›ንና ‹ታያለሽ›ን ስለማይለያቸው ነው የሚል መልስ ሰጠናት፤ እሷ ግን መርከቡ ላይ አንዲት ሴት ስለሌለች ነው አለች፤ ሁለቱም ተመዘገቡ።

ሌላው የሰዋስው ሙግት 132ኛው ምዕራፍ ላይ ጠበቀን። ከማሳደዱ በፊት ባለው ጸጥተኛ ቀን አክዓብ 40 ዓመት በባሕር ላይ መኖሩን፣ በስተርጅና ያገባትን ወጣት ሚስቱን በማግስቱ ጥሎ መርከብ መሳፈሩን ለስታርባክ ይነግረዋል፤ እንባውም ወደ ባሕር ይወርዳል። ስታርባክ ወደ ቤታችን እንመለስ ብሎ ይለምነዋል። በአማርኛ እስከዚያ ድረስ ምክትሉ ካፒቴኑን «እርስዎ» ሲል ነበር የሰማነው። መምህሩ እዚህም «እርስዎ» ይቆይ አለ፣ ማዕረግ በእንባ አይሻርም ብሎ። ባለ ፎቶ ኮፒው «አንተ» መሆን አለበት አለ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ «ፈጣሪን ስንለምን አንተ አይደለም እንዴ የምንለው?» አለ። ጋሼ ያን ምዕራፍ ሁለተኛ እንድናነበው ጠየቁ፤ በሁለተኛው ንባብ «አንተ» ብለን አነበብነው።

ፍጻሜው ሦስት ቀን የሚፈጅ ማሳደድ ነው፤ ማንበቡም ከሦስት ምዕራፍ አይበልጥም፤ ፍልሰታ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በሻማ አነበብነው። አክዓብ ጦሩን ወረወረ፣ ገመዱ ተተኮሰ፣ የተጠማዘዘው ዙር አንገቱን ይዞ ከጀልባው ነጠቀው። መምህሩ ከገጹ ላይ ቀና ብሎ «በክቡ ውስጥ ነው የቆመው» አለ፤ የዓሣ አስጋሪውን ቃል ሁላችንም አስታወስን። መርከቧ ሰጠመች። ከዚያ መምህሩ ቅጂውን ገልብጦ ሌላ ገጽ እንደሌለ ሲያይ፣ «ሁሉም ከሞቱ ይህን ሁሉ ማን ነገረን?» ብሎ በቁጣ ጮኸ። የእሱ ሦስተኛ ጥራዝ የመጨረሻዋ ቅጠል አልነበራትም፤ ማሽኑ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ይሆናል፣ ባለ ፎቶ ኮፒው ሆን ብሎ ነው ብለን ጠርጥረነው ነበር። አስገራሚው ግን ይኸው ነገር በ1851 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ መሆኑ ነው፤ በጥቅምት ወር ለንደን ላይ፣ እንደ እኛው በሦስት ጥራዝ የታተመው የመጀመሪያው እትም የመጨረሻዋ ክፍል ሳትገባበት በመውጣቱ፣ የዚያ አገር ሐያስያን የሞተ ሰው እንዴት ታሪክ ይጽፋል ብለው ደራሲውን ወቅሰውታል። መጽሐፉ በደራሲው ዕድሜ ከ4,000 ቅጂ በታች ነው የተሸጠው፤ ሜልቪል ኋላ በኒው ዮርክ ወደብ ለ19 ዓመት የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቶ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ብዙም ሳይታወስ ሞተ።

የጎደለችውን ቅጠል ነርሷ ከራሷ ቅጂ አነበበችለት። የተረፈው እስማኤል ብቻ ነው፤ የተንሳፈፈውም ለጓደኛው ለክዊክዌግ በተሠራ የሬሳ ሣጥን ላይ ነው። ያነሣችው መርከብ ራሔል ትባላለች፤ ካፒቴኗ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ የጠፋ ልጁን እንዲያፈላልገው አክዓብን ለምኖ የተከለከለ ነው፤ ልጁን ሲፈልግ የሰው ወላጅ አልባ አገኘ። በክፍሉ ራስ ላይ ያለውን ጥቅስ ጋሼ መጽሐፍ ሳይገልጡ በአማርኛ አሉት፤ «እኔም እነግርህ ዘንድ ብቻዬን አመለጥሁ።» ከኢዮብ መልእክተኞች የአንዱ ቃል ነው። ሻማው እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተነሣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የምናነበው ሳይኖረን ተሰበሰብን። ነርሷ ለጾሙ የሚሆን ቆሎ ይዛ መጣች፤ መምህሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥራዝ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የአንበሪ ስም በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲን፣ በፊጂና በሌሎችም ቋንቋዎች ተደርድሯል፤ የእኛ የለበትም። መምህሩ ከታች በእርሳስ «አንበሪ» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ገጹን ገለጠና ያቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አሳየን፤ ከጥር ጀምሮ በየፊናችን የጻፍናቸው ትርጉሞች በኅዳጉ ላይ ተደራርበው ነበር። አንዱን መርጠን ሌላውን እንሰርዝ ወይ ብሎ ጋሼን ጠየቃቸው። ጋሼ እርሳሱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንዱንም ሳይሰርዙ በየመካከሉ አንድ አንድ ቃል አስገቡበት። እንዲህ ይነበባል፦ እስማኤል በሉኝ፤ አንድም እስማኤል በለኝ፤ አንድም በይኝ፤ አንድም ይበሉኝ።